«ይመቻል?» አይበሉ፣ «ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ይበሉ፦ በዊልቸር አገር ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሆቴል ደውለው «ለዊልቸር ይመቻል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። «አዎ፣ ምንም ችግር የለም!» ሲደርሱ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። አሳንሰርም አለ፣ ወንበርዎ ግን አይገባበትም። በሰው ሸክም ክፍልዎ ቢደርሱ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱ በር ያስቆምዎታል።

መላሹ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው ዊልቸር ሲባል የሚታየው ታጣፊው፣ ሁለት ሰው ብድግ አድርጎ የሚያሻግረው ዓይነት ነው። ባለ ሞተሩ ከነባትሪው ከ100 ኪሎ ሊያልፍ እንደሚችል ማን ነገረው? ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድ ልማድ ላይ የቆመ ነው። አስተያየት አይጠይቁ፤ ልክ ይጠይቁ። ስንት ሴንቲ ሜትር? ስንት ደረጃ? ፎቶ መላክ ይችላሉ?

1. መጀመሪያ የራስዎን ወንበር ይለኩ

ቲኬት ከመፈለግዎ በፊት ሜትር ያውጡ። የሌላውን በር ለመጠየቅ የራስዎን ልክ ማወቅ ግድ ነው። የሚከተሉትን ለክተው ስልክዎ ላይ ይጻፉ፦

- የወንበሩ ስፋት። የሚለካው በጣም ሰፊ ከሆነው ቦታ ነው፤ በእጅ በሚገፋ ወንበር ላይ ብዙውን ጊዜ መግፊያ ቀለበቱ ነው። ጣቶችዎ በር ላይ እንዳይላጡ በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ።
- ርዝመቱ፣ ከነጫማዎ ጫፍ። አሳንሰር ውስጥ ገብቶ በሩ የማይዘጋው በዚህ ልክ ምክንያት ነው።
- ቁመቱ፣ መደገፊያው እንደቆመም እንደታጠፈም።
- የመቀመጫው ከፍታ ከወለል፣ ትራሱ ላይ ተቀምጠው።
- ክብደቱ፣ ባለ ሞተር ከሆነም የባትሪው ዓይነት፣ ቮልትና አምፔር-ሰዓት።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ቁጥር ልስጥዎት። በአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት መሠረት የአንድ በር ክፍት ስፋት ቢያንስ 81.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ወንበር ዞሮ የሚመለስበት ክብ ቦታ 152.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መንገድ) ተዳፋት ደግሞ ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ወርቅ ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። መግቢያው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ ከ7 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሰው «ሦስት ደረጃ አለ፣ ግን ራምፕ አለን» ካለዎት የራምፑን ርዝመት ይጠይቁ። «አንድ ሜትር ተኩል ገደማ» ካለ እሱ ራምፕ ሳይሆን መንሸራተቻ ነው።

ከወንበሩ ቀጥሎ የራስዎን አቅም ይጻፉ፣ ያለ ይሉኝታ። ከወንበር ወደ አልጋ ራስዎ ይሸጋገራሉ? በየትኛው ጎን? ተደግፈው ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ሜዳ ላይ ያለ ሰው እርዳታ ምን ያህል ይገፋሉ? ዳገትስ? እዚህ ላይ ራስን ጎበዝ ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። ከድካምዎ ቀን አቅም ተነሥተው ያቅዱ።

2. ከተማውን ከመምረጥዎ በፊት መሬቱን ይመልከቱ

ስለ መዳረሻ ስናስብ ሕንፃና ሐውልት ነው የሚታየን። ለዊልቸር ግን ወሳኙ መሬቱ ነው። ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን? የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በየመሻገሪያው ዝቅ ተደርጓል?

ይህን ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። የጎግል ካርታ የመንገድ ምስል ሳይታክት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ከሆቴሉ በር ይነሡና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በምስሉ ላይ «ይሂዱ»። እያንዳንዱን መሻገሪያ ይዩ። ምስሉ መቼ እንደተነሣም ይመልከቱ፣ የቆየ ሊሆን ይችላል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ የሚሠራው ዊልማፕ ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ቦታዎችን በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በቀይ የሚለዩበት ካርታ ነው። አረንጓዴ ቢልም ፎቶ ካለው ይክፈቱ፤ የአንዱ አረንጓዴ ለሌላው ቀይ ነውና።

የቆየ ከተማ ሁሉ አይቻልም ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በየዓመቱ ለተደራሽ ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት በ2011 መጀመሪያ የወሰደችው የስፔኗ አቪላ ናት፤ በመካከለኛው ዘመን ግንብ የታጠረች ከተማ። የ2019 አሸናፊዋ የኔዘርላንዷ ብሬዳ ደግሞ የአሮጌውን ማዕከል የኮብልስቶን ድንጋዮች አስነቅላ፣ አስቆርጣ፣ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አንጥፋቸዋለች። መልኩ አልጠፋም፤ ጎማውም አይንገጫገጭም።

ቬኒስን ብዙ ሰው ገና ሳያስባት ይተዋታል። ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፣ አብዛኞቹም ባለ ደረጃ ናቸው። ነገር ግን የሕዝብ ጀልባዎቹ ዊልቸር ይጭናሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ድልድዩን እንዴት ልውጣ?» መሆኑ ቀርቶ «ከየትኛው ማቆሚያ ብወርድ ያለ ድልድይ የት የት እደርሳለሁ?» ይሆናል። ይህን አስተሳሰብ ለማንኛውም አስቸጋሪ ከተማ መጠቀም ይቻላል።

በመርከብ ሽርሽር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አይርሱ፦ መርከቡ በየወደቡ ዳር ድረስ ይጠጋል ወይስ መሐል ባሕር ቆሞ በትንንሽ ጀልባ ያወርዳል? ሁለተኛው ከሆነ ያን ወደብ ከመርከቡ ላይ ሆነው ሊያዩት እንደሚችሉ ያስቡ።

3. ሆቴሉን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይያዙ

መጠየቂያውን በኢሜይል ይላኩ። በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ሲደርሱ የሚያሳዩት ማስረጃ ይሆናል። ስልክ የሚያነሣው ሰው ክፍሉን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ኢሜይል ግን ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሜትር ይዞ ሄዶ ይለካል።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ከመንገድ እስከ እንግዳ መቀበያው ስንት ደረጃ አለ? ራምፕ ካለ ርዝመቱና ከፍታው ስንት ነው?
- የአሳንሰሩ በር ስፋትና የውስጡ ጥልቀት ስንት ነው?
- የክፍሉና የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ስንት ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሆናል? ደፍ አለው?
- አልጋው ከወለል እስከ ፍራሹ አናት ስንት ነው? በአልጋውና በግድግዳው መካከልስ ምን ያህል ቦታ አለ?
- ሻወሩ ደፍ የለሽ ነው ወይስ ገንዳ? የመታጠቢያ ወንበር አለ? ግድግዳ ላይ የታሰረ ነው ወይስ የሚንቀሳቀስ?
- ከመጸዳጃው አጠገብ መደገፊያ ብረት አለ? ሲቀመጡ በቀኝ ነው በግራ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። የሚሸጋገሩት በግራ ብቻ ከሆነና ግራው ግድግዳ ከሆነ ግን ያ «ምቹ ክፍል» ለእርስዎ ምንም ነው። የአልጋው ከፍታም እንዲሁ። ከወንበርዎ መቀመጫ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ይመቻል። ዘመናዊ ሆቴሎች ወፍራም ፍራሽ ስለሚወዱ አልጋቸው አንዳንዴ ተራራ ነው። ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሸጋግር ማንሻ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከአልጋው ሥር ባዶ ቦታ መኖሩን ይጠይቁ፤ የመሣሪያው እግር የሚገባው እዚያ ነው።

ሜትር የታየበት ፎቶ ይጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ክፍሉ ለስምዎ መያዙንም «በጥያቄ መሠረት» ከሚል ልል ቃል ይልቅ የክፍሉ ዓይነት ተጠቅሶ የተረጋገጠ እንዲሆን ያድርጉ። አለበለዚያ ከእርስዎ በፊት የደረሰ ሰው ሰፊ ስለሆነ ብቻ ተሰጥቶት ያገኙታል።

4. በረራው፦ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል

ለአየር መንገዱ በቲኬቱ ጊዜ፣ ካልሆነም ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 1107/2006 እርዳታው ያለ ክፍያ ነው፤ የ48 ሰዓቱም ማስታወቂያ የመጣው ከዚያ ነው። በሕጉ መሠረት ሁለት የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በነጻ ይጫንልዎታል። በአሜሪካ ደግሞ የ1986ቱ የአየር ትራንስፖርት ተደራሽነት ሕግ አለ።

አየር መንገዶች ፍላጎትዎን የሚመዘግቡት በአራት ፊደል ኮድ ነው። ሦስቱን ይወቋቸው። ደብሊው-ሲ-ኤች-አር ማለት ደረጃ መውጣትና በአውሮፕላኑ ውስጥ መራመድ ይችላል፣ ረጅም ርቀት ግን አይችልም። ደብሊው-ሲ-ኤች-ኤስ ማለት ደረጃ አይችልም፣ እስከ መቀመጫው ግን ይራመዳል። ደብሊው-ሲ-ኤች-ሲ ማለት እስከ መቀመጫው ድረስ ሙሉ እርዳታ ይፈልጋል። መራመድ የማይችል ሰው በመጀመሪያው ኮድ ከተመዘገበ አውሮፕላኑ በር ላይ ደረጃ ብቻ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ሲደውሉ «ዊልቸር ያስፈልገኛል» ብለው አይዝጉ። የትኛው ኮድ እንደተጻፈ ጠይቀው ይስሙ።

ባትሪ ካለዎት ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓት ሲያባዙ ዋት-ሰዓት ያገኛሉ። 24 ቮልት፣ 12 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 288 ዋት-ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ ከዊልቸር ተነቅሎ የሚወጣ የሊቲየም ባትሪ እስከ 300 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሁለት ባትሪ ለሚጠቀም ወንበር ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 160። የተነቀለው ባትሪ ከእርስዎ ጋር ወደ ተሳፋሪ ክፍል ይገባል እንጂ ከጭነት ጋር አይሄድም። ጫፎቹ እንዳይነካኩ ተሸፍነው ይሁኑ። የባትሪውን መግለጫ ወረቀት አትመው ይያዙ። በር ላይ የቆመው ሠራተኛ የሚያምነው እሱን ነው።

ስለ ቁመትም ያስቡ። የቦይንግ 737 የጭነት በር ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መደገፊያው የማይታጠፍ ባለ ሞተር ወንበር እዚያ ሲደርስ ወይ በጎኑ ይጋደማል፣ ወይ ይቀራል። በጎኑ የተጋደመ ወንበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ነው የሚመጣው። የሚበሩበትን አውሮፕላን ዓይነት ይጠይቁና ከወንበርዎ ልክ ጋር ያስተያዩ።

በበረራው ቀን እንዲህ ያድርጉ። ወንበርዎን እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይዘው እንደሚሄዱ ይንገሯቸው። በሻንጣ መቀበያው ላይ አሳልፈው አይስጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት በአየር ማረፊያው ወንበር፣ ያለ ራስዎ ትራስ ይቀመጣሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ የሚነቀለውን ሁሉ ይንቀሉ፦ ትራስ፣ የጎን መከለያ፣ የእግር ማሳረፊያ፣ ከተቻለ ጆይስቲኩንም (ባለ ሞተሩን ወንበር የሚነዱበትን እጀታ)። በአንድ ቦርሳ ይዘው ይግቡ። የወንበሩን አራት ጎን ፎቶ ያንሡ። ከዚያ አንድ ወረቀት በትልቁ ጽፈው ወንበሩ ላይ ይለጥፉ፦ ክብደቱ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚፈታ፣ ከየት ተይዞ እንደሚነሣ፣ ከየት መያዝ እንደሌለበት። ከጽሑፍ ይልቅ ቀስት ያለበት ፎቶ ይሻላል። ጫኙ ቋንቋዎን ላያውቅ ይችላል፣ ቢያውቅም ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ወደ መቀመጫዎ የሚወስድዎት ጠባብ የመተላለፊያ ወንበር ነው። የሚያሸጋግሩዎት ሰዎች ከመንካታቸው በፊት እርስዎ ይናገሩ፦ ከየት እንደሚይዙ፣ ምን እንደሚያም፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ማን እንደሆነ። የእጅ መደገፊያው ወደ ላይ የሚነሣ መቀመጫ እንዲሰጥዎት አስቀድመው ይጠይቁ። ትራስዎን መቀመጫው ላይ ያንጥፉ። በአየር የሚሞላ ከሆነ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሰፋ ይጠነክራል፤ ትንሽ ያስተንፍሱት፣ ሲወርዱ ይሙሉት።

መጸዳጃ ቤት? ሁለት መተላለፊያ ያላቸው ትልልቅ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ አላቸው። በትንሾቹ ግን ችግር ነው። በበረራ ላይ የሚያገለግል ጠባብ ወንበር እንዲኖር አስቀድመው ይጠይቁ። ውሃ ጨርሶ ባለመጠጣት መፍታት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ይዞ መመለስ ነው። ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ለዚያ ቀን የሚሆን ዘዴ ያዘጋጁ።

ሲደርሱ ወንበርዎን ሳያዩ ከአየር ማረፊያው አይውጡ። ደክሞዎታል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ያዙሩት፣ ፍሬኑን ይሞክሩ፣ ሞተሩን ያስነሡ። ጉዳት ካለ እዚያው ያስመዝግቡና የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዙ። በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣ (ወንበርዎም እንደ ሻንጣ ይቆጠራል) አቤቱታ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ስምምነቱ ለአየር መንገዱ ተጠያቂነት ጣሪያ ያስቀምጣል። ጣሪያው ከባለ ሞተር ወንበር ዋጋ በጣም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሲሳፈሩ ልዩ የዋጋ መግለጫ ማስሞላት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፣ ወይም ወንበሩን በስሙ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ።

5. ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ

ቀላል መመሪያ ልስጥዎት፦ በቆየ ከተማ ከምድር ባቡር ይልቅ አውቶቡስ ይሻላል። የለንደን ምድር ባቡር የተከፈተው በ1863 ነው፤ የፓሪሱ በ1900። ያን ጊዜ ስለ አሳንሰር ማን አስቦ! በፓሪስ ከቆዩት መስመሮች በተለየ በ1998 የተከፈተው 14ኛው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለዊልቸር የተሠራ ነው። የለንደን አውቶቡሶች ግን ራምፕ አላቸው፤ ጥቁሮቹ ታክሲዎችም ሁሉም ዊልቸር ይጭናሉ። በ1976 የተከፈተው የዋሽንግተን ሜትሮ ደግሞ ጣቢያዎቹ በሙሉ አሳንሰር አላቸው። ዘመኑን ማወቅ ብቻውን ብዙ ይነግርዎታል።

የምድር ባቡር ካርታ ሲያነቡ ምልክቶቹን ይለዩ። በለንደኑ ካርታ ሰማያዊ የዊልቸር ምልክት ከመንገድ እስከ ባቡሩ ውስጥ ያለ ደረጃ መድረስ ይቻላል ማለት ነው። ነጩ ግን የሚያደርሰው እስከ መሳፈሪያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባቡሩና መሳፈሪያው መካከል ያለው ክፍተት የእርስዎ ጉዳይ ነው። ሌላም ከተማ ላይ ይህን ልዩነት ይጠይቁ።

አሳንሰር ይበላሻል። ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት የትራንስፖርት ድርጅቱን ድረ ገጽ ይዩ። የሚወርዱበት ጣቢያ አሳንሰር ቢቆም ቀጣዩ አሳንሰር ያለው ጣቢያ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ።

ለረጅም ርቀት ባቡር ሠራተኛ ራምፕ ይዞ መምጣት አለበት። በብሪታኒያ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በፊት ማስያዝ ይቻላል። በጃፓን የጣቢያው ሠራተኛ ተንቀሳቃሽ ራምፕ ዘርግቶ ያሳፍርዎትና ለሚወርዱበት ጣቢያ ይደውላል፤ ሲደርሱ ሌላ ሠራተኛ ራምፑን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ያገኙታል። ይህ ሥርዓት በሌለበት አገር ከመውረድዎ በፊት ለባቡሩ ሠራተኛ ደጋግመው ያስታውሱ። አፍረው ዝም ካሉ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ይወስድዎታል።

ታክሲ ውስጥ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ከሆነ ወንበሩ ከወለሉ ጋር ይታሰር፣ እርስዎም ለብቻዎ ቀበቶ ይሰሩ። «ቅርብ ነው፣ ፍሬን ያዝ» የሚል ሾፌር ካጋጠመዎት ይውረዱ።

6. መስህቡ ጋ ሲደርሱ

ዋናው በር ብዙ ጊዜ የእርስዎ በር አይደለም። የጎን መግቢያ አለ፣ ደወል አለ፣ ዘበኛ የሚከፍተው አሳንሰር አለ። ከመሄድዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጻፉላቸው። አለበለዚያ ግማሽ ቀን ሕንፃውን ሲዞሩት ይውላሉ።

የቲኬት ነገርም አለ። ብዙ ሙዚየሞች ለአካል ጉዳተኛ ጎብኚና ለአንድ ረዳት ነጻ ወይም ቅናሽ ያደርጋሉ። ሉቭር ሁለቱንም በነጻ ያስገባል። ነገር ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ። በአገርዎ የተሰጠ ካርድ ወይም የሐኪም ወረቀት፣ ቢቻል ከተተረጎመ ቅጂ ጋር ይያዙ። የሚገርመው፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው እያዩዎት ወረቀት የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

ከፊል የሚታየውንና ሙሉ የሚታየውን አስቀድመው ይለዩ። ኤፍል ግንብ ላይ በዊልቸር አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ይደረሳል፣ ጫፉ ግን አይደረስም። የነጻነት ሐውልት መሠረቱ ድረስ አሳንሰር አለ፤ ዘውዱ ደረጃ ብቻ ነው። የሳግራዳ ፋሚሊያ ውስጡ ይታያል፣ ማማዎቹ አይታዩም። ኮሎሲየም አሳንሰር አለው። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ በ2020 አዲስ አሳንሰር ተተክሏል፣ ላይ ደግሞ የኮንክሪት መንገድ ተነጥፏል። በመንገዱ የጥንታዊ ቅርስ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ የደረሰ ዊልቸር ምን ጎዳው እላለሁ። አሳንሰሩ አየሩ ሲከፋ ሊቆም ስለሚችል በዚያው ጠዋት ይደውሉ። ኬፕ ታውን ደግሞ ወደ ጠረጴዛ ተራራ የሚያወጣው የገመድ መኪና ዊልቸር ይጭናል።

ባሕር ዳርቻ የሚወዱ ከሆነ አሸዋ ላይ የሚዘረጋ ምንጣፍና ሰፋፊ ጎማ ያለው የባሕር ወንበር ያለበትን ይፈልጉ። በግሪክ ብዙ ዳርቻዎች ላይ ሲትራክ የሚባል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወንበር አለ። በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ውሃው ውስጥ ያስገባዎታል፣ ሲበቃዎት ያወጣዎታል። የሰው ሸክም አያስፈልግም።

ዳገታማ ቦታ ላይ ዘዴው ቀላል ነው፦ በትራንስፖርት ወደ ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ እየጎበኙ ይውረዱ። ቁልቁለቱ ግን ከከበደ የሚረዳዎት ሰው ወንበሩን አዙሮ ወደ ኋላ ያውርድዎት። ፊትዎን ወደ ታች አድርጎ የወረደ ወንበር ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ድንጋይ ሲነኩ ሰውየውን ይወረውራል።

በቀን ሁለት ዋና ቦታ በቂ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ይሁኑ። አምስት ቦታ አቅደው ሦስቱን በመንገድ ላይ ከማሳለፍ ይህ ይሻላል።

7. ሰውነትዎ

እያንዳንዱ ቀን የሚታቀደው ከመጸዳጃ ቤት ወደ መጸዳጃ ቤት ነው። ሙዚየሞች፣ ትልልቅ የገበያ ማዕከላትና አዳዲስ ሆቴሎች አስተማማኝ ናቸው። በብሪታኒያ ራዳር በሚባለው ቁልፍ፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በዩሮ ቁልፍ የሚከፈቱ የአካል ጉዳተኛ መጸዳጃዎች አሉ። ቁልፉን አስቀድመው ያስመጡ። ጎልማሳ ተጋድሞ የሚለወጥበት አልጋና ማንሻ ያስፈልገኛል ካሉ ደግሞ በብሪታኒያ «ቼንጂንግ ፕሌስስ» የሚባሉትን ይፈልጉ።

በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደትዎን ከመቀመጫው ላይ ያንሡ፣ አውሮፕላን ውስጥም። በሚያምር እይታ ፊት ሆኖ መርሳት ቀላል ነው፤ ስልክዎ ያስታውስዎት። ማታ ቆዳዎን በመስታወት ያረጋግጡ። ቀይ ሆኖ የማይጠፋ ቦታ ካዩ የነገው ፕሮግራም ይቅር።

የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ከጉዳቱ በታች በደንብ ላያልበው ይችላል፤ ስለዚህ በሙቀት ቶሎ ይጋላል። የውሃ መርጫ ጠርሙስ ይያዙ፣ ከቀትሩ ፀሐይ ይሸሹ። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አብሮዎት የሚጓዘው ሰው ይህን ይወቅ፦ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ከመጣ የደም ግፊት እየጨመረ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጥብቅ ልብስና ጫማ ማላላት፣ ፊኛው ሞልቶ ወይም ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ማየት፣ ቶሎ ካልበረደም ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ነው።

8. መሣሪያ ቦርሳው

በነፋስ የሚሞላ ጎማ ካለዎት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ትንሽ ፓምፕ። የወንበርዎን ብሎኖች የሚፈቱ መፍቻዎች፤ እነዚህ በእጅ ሻንጣ ላይያልፉ ስለሚችሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ። ፕላስቲክ ማሰሪያና ወፍራም ማጣበቂያ ፕላስተር። የዝናብ መሸፈኛ፣ በተለይ ለጆይስቲኩ። የቻርጀርዎን ጀርባ ያንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዎታል። 110 ወይም 220 ብቻ የሚል ከሆነ የአገሩን ኃይል ሳያጣሩ እንዳይሰኩት፤ የጉዞው መጨረሻ ይሆናል።

ከመነሣትዎ በፊት በሚሄዱበት ከተማ ዊልቸር የሚጠግን ወይም የሚያከራይ ሱቅ አድራሻ ይያዙ። ለጎማና ለብሎን የብስክሌት ጠጋኝም ብዙ ጊዜ ይሆናል።

ሊረዳ የሚመጣ ሰው ወንበሩን ከሚነቀለው ክፍል፣ ለምሳሌ ከእጅ መደገፊያው ይዞ እንዳያነሣ ቶሎ ይንገሩት። የሚያዝበትን ቋሚ ብረት በደማቅ ቀለም ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ቢያደርጉበት ቋንቋ አያስፈልግም።

9. ስለ መመለሻው

የመሄጃው እርዳታ ስለተያዘ የመመለሻውም ተይዟል ብለው አይተኙ። በተለይ ሁለት አየር መንገድ ከተጠቀሙ ወይም በረራው ከተቀየረ ማስታወሻው መሐል ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ከመመለሻው ከ48 ሰዓት ቀደም ብለው ይደውሉ፣ ኮዱን፣ የባትሪውን ዓይነትና የወንበሩን ልክ አዲስ እንደሆነ አድርገው ያስመዝግቡ። ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። ወደ አየር ማረፊያ የሚወስድዎትን ባለ ራምፕ መኪናም በዚያው ቀን ይያዙ፤ በብዙ ከተማ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቶ ማግኘት ዘበት ነው።